ልኬቱ መሣሪያው ላይ ታይቶ ሰርቨሩ ላይ ለምን ይጠፋል? (የብሉቱዝ ግፊት መለኪያ፣ ኦክሲሜትርና ሚዛን ለቤት ክትትል)

ቀንዲል (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም። ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ቤታቸው ሆነው የምንከታተላቸው 40 ታካሚዎች አሉ፤ ብዙዎቹ የልብ ድካም፣ የቀሩት ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ያለባቸው ናቸው። ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድሮይድ ስልክ፣ የክንድ ግፊት መለኪያ፣ የጣት ኦክሲሜትርና ሚዛን ተሰጥቷል። ሦስቱ መሣሪያዎች በብሉቱዝ ለስልኩ ይልካሉ፣ ስልኩ ደግሞ በሞባይል ዳታ ወደ ሰርቨር ያሳልፋል። መተግበሪያውን የሠራነው ራሳችን ነን። ግፊት መለኪያዎቹ የሁለት አምራቾች ናቸው፤ ሁለቱም የብሉቱዝን መደበኛ የጤና ፕሮፋይል እንከተላለን ይላሉ።

ሦስት ነገር አስቸግሮናል።

አንደኛ፣ ልኬት ይጠፋል። ታካሚው ይለካል፣ ቁጥሩ የመሣሪያው ስክሪን ላይ ይታያል፣ ሰርቨሩ ላይ ግን የለም። በብዛት የሚጠፋው የጠዋቱ ነው፤ ከሰዓት በኋላ የሚለካው አብዛኛው ይደርሳል።

ሁለተኛ፣ የማይመስል ቁጥር ይመጣል። ከአንደኛው አምራች መሣሪያ አማካይ ግፊት ሁልጊዜ 2047 ሆኖ ይመዘገባል። ከሁለተኛው ደግሞ የሁሉም ሰው ግፊት ከፍ ያለ ነው። ለምሳሌ 160/107 የመጣለት ታካሚ ወዲያው በእጅ ሲለካ 120/80 ሆኖ ተገኝቷል። መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆናል ብለን ብንቀይረውም አዲሱም ያው ነው።

ሦስተኛ፣ ማንቂያ በዛ። የላይኛው ግፊት ከ140 በላይ ወይም ከ90 በታች ከሆነ፣ ኦክስጅን ከ92 ከወረደ፣ ክብደት በአንድ ቀን 1 ኪሎ ከጨመረ ይጮኻል። ነርሶቹ ስክሪኑን ማየት ትተዋል ማለት ይቻላል።

ከየት እንጀምር?

አንቴና

ከቁጥሩ ጀምሩ። ዛሬውኑ የሚስተካከል ነው፤ ከሦስቱም አደገኛው እሱ ነው።

የብሉቱዝ የግፊት አገልግሎት (በአስራስድስትዮሽ ቁጥሩ 1810) ግፊትን እንደ ተራ ሙሉ ቁጥር አይልክም። የሚልከው በ16 ቢት የተጠቀለለ አጭር የነጥብ ቁጥር ነው፤ የላይኞቹ 4 ቢቶች የአስር ርቢ (ዋናው ቁጥር በአስር ስንት ጊዜ እንደሚባዛ ወይም እንደሚካፈል የሚናገር፤ −1 ከሆነ አንዴ በአስር ይካፈላል) ናቸው፣ የታችኞቹ 12 ቢቶች ዋናው ቁጥር። ከሱ በፊት የሚመጣው የመጀመሪያው ባይት ደግሞ የምልክቶች ባይት ነው። የዚህ ባይት የመጨረሻ ቢት 0 ከሆነ አሃዱ ሚሊሜትር ሜርኩሪ፣ 1 ከሆነ ኪሎፓስካል ነው።

አሁን የእናንተን 160/107 እንፍታው። 120/80 በኪሎፓስካል ሲጻፍ 16.0/10.7 ነው። መሣሪያው 16.0ን የሚልከው 160 ብሎ፣ ርቢውን −1 አድርጎ ነው፤ 10.7ን 107 ብሎ፣ ርቢውን −1 አድርጎ። ኮዳችሁ ርቢውንም አሃዱንም ዘሎ ዋናውን ቁጥር ብቻ ካነሳ የሚወጣው በትክክል 160/107 ነው። ለማረጋገጥ ከዚያ ሞዴል የመጣ ጥሬ መልእክት ክፈቱና የመጀመሪያውን ባይት እዩ፤ ኢተጋማሽ ቁጥር ከሆነ ኪሎፓስካል ነው። ርቢውን አስገቡ፣ ከዚያ በ7.5 አባዙ። ስክሪኑ ላይ የሚታየውን አሃድ አትመኑ፣ ባይቱን እመኑ።

የ2047 ዕዳው ገብስ ነው። በዚህ አጻጻፍ 2047 ማለት «ቁጥር የለም» ማለት ነው። አማካይ ግፊት የማያሰላ መሣሪያ ቦታውን በዚህ ይሞላዋል። 2046፣ 2048፣ 2049 እና 2050ም እንዲሁ ለልዩ ትርጉም የተያዙ ስለሆኑ አምስቱንም ገና ጥሬ 16 ቢት ሳሉ፣ ወደ ቁጥር ሳይለወጡ አጣሩ። 2047 ራሱን ያጋልጣል፤ 160/107 ግን እውነተኛ ግፊት ይመስላል፣ መድኃኒት ሊያስጨምርም ይችላል። የሚያስፈራው እሱ ነው።

እግረ መንገዳችሁን፣ እዚያው መልእክት መጨረሻ ላይ የልኬቱን ሁኔታ የሚናገር መስክ ሊኖር ይችላል፦ ሰውየው ተንቀሳቅሷል፣ ካፉ (ክንድ ላይ ተጠምጥሞ የሚነፋው) ላልቷል፣ ምቱ ያልተስተካከለ ነው፣ የክንዱ አቀማመጥ ትክክል አይደለም። ብዙ መተግበሪያ ይህን ጥሎት ያልፋል። አንብቡት፤ ግማሹን የማንቂያ ጣጣ እሱ ሊያቀልላችሁ ይችላል።

ወደ ጠዋቱ ልኬት ልምጣ። ግፊት መለኪያው ለክቶ ሲጨርስ «አለሁ» እያለ የሚጣራው ለአጭር ጊዜ ነው፤ እንደ ሞዴሉ ቢለያይም ብዙውን ጊዜ አንድ ደቂቃ አይሞላም። በዚያች ጊዜ ስልኩ ካልሰማው ይተኛል። ስልኩ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ሳይነካ አድሮ ከአንድሮይድ 6 ጀምሮ ያለው ዶዝ የሚባለው የኃይል ቆጣቢ ሁኔታ ውስጥ ገብቷል። ከሰዓት በኋላ ሰው ስልኩን ሲነካካው ስለሚውል ይሰማል። እናንተ ጋ ለምን አልታየም ካላችሁ፣ ስትሠሩት ስልኩ በኬብል ከኮምፒውተር ጋር ተያይዞ ስለነበር ነው፤ ቻርጅ ላይ ያለ ስልክ ዶዝ ውስጥ አይገባም።

የሚደረገው ይህ ነው፦

መተግበሪያው ቋሚ ኖቲፊኬሽን እያሳየ የሚሠራ ፎርግራውንድ ሰርቪስ ይኑረው። ከባትሪ ቁጠባ ነፃ አድርጉት፤ ይህ ሁለት ቦታ ነው፣ አንዱ የአንድሮይዱ፣ ሌላው የስልክ አምራቹ በራሱ የጨመረው። ሁለተኛውን የሚረሳ ብዙ ነው፤ ስልኩ ሲሻሻል ወደ ቀድሞው የሚመለስበት ጊዜም አለ።

ፈቃዶችን በስልኩ እድሜ ለዩ። ከአንድሮይድ 6 እስከ 11 ብሉቱዝ ለመቃኘት የሎኬሽን ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ሎኬሽኑ ራሱም መብራት አለበት። ታካሚው ባትሪ ልቆጥብ ብሎ ሎኬሽን ካጠፋ ቅኝቱ ያለ ምንም የስህተት መልእክት ባዶ ይመለሳል። ከ12 ወዲህ የመቃኛና የመገናኛ ፈቃዶች ለብቻቸው ናቸው።

ቅኝቱን በማጣሪያ አድርጉት፣ በአገልግሎት ቁጥር ወይም በመሣሪያው አድራሻ። ከ8.1 ጀምሮ ማጣሪያ የሌለው ቅኝት ስክሪኑ ሲጠፋ አብሮ ይቆማል። «አልሰማም» ብላችሁ ቅኝቱን ቶሎ ቶሎ አታጥፉ፣ አታብሩ፤ በ30 ሰከንድ ውስጥ ከ5 ጊዜ በላይ ከጀመራችሁት ሥርዓቱ ዝም ብሎ ያፍናችኋል።

ከተገናኛችሁ በኋላ ትዕዛዞችን አንድ በአንድ ላኩ። አንድሮይድ በአንድ ግንኙነት ላይ ሁለት ሥራ ባንዴ አይቀበልም። ግፊቱን ላክልኝ ብላችሁ መልሱ ሳይመጣ የባትሪውንም ላክልኝ ካላችሁ ሁለተኛው ይጠፋል፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ የሚጠፋው ግፊቱ ነው። ታዋቂውን የ133 ስህተት (አንድሮይድ የብሉቱዝ ግንኙነት ሲከሽፍ የሚሰጠውን ቁጥር) ስታዩ ግንኙነቱን ማቋረጥ ብቻ አይበቃም፤ ሙሉ በሙሉ ዝጉት፣ አንድ ሁለት ሰከንድ ቆዩ፣ እንደገና ክፈቱ። ሳትዘጉ ደጋግማችሁ ከከፈታችሁ የስልኩ የግንኙነት ቦታ ይሞላና ብሉቱዙ እስኪጠፋና እስኪበራ ምንም አይሠራም።

የመጨረሻዋ ወጥመድ፦ ግፊት የሚላከው ማረጋገጫ በሚጠይቅ መንገድ ነው። ማረጋገጫውን የሚመልሰው ግን የስልኩ ሥርዓት እንጂ የእናንተ ዳታቤዝ አይደለም። መሣሪያው «ደርሷል» ብሎ ከማስታወሻው ሰርዞት፣ መተግበሪያችሁ ገና ሳያስቀምጠው ከሞተ ልኬቱ የትም የለም። መልእክቱ በመጣበት ቅጽበት፣ ከመተንተንም ከመላክም በፊት፣ ጥሬ ባይቱን ስልኩ ላይ ጻፉት።

የሬዲዮው ነገር በቤት ውስጥ ብዙም አያሳስብም። ብሉቱዝ በ2.4 ጊጋኸርዝ ስለሚሠራና ውሃ ይህን ስለሚውጠው የሰው አካል ጥሩ ግድግዳ ነው፤ ደረት ላይ የሚለጠፍ ሴንሰር ቢኖራችሁና ስልኩ የኋላ ኪስ ውስጥ ቢሆን ችግር ነበር። ለካፍና ለሚዛን ስልኩን ከብረት መደርደሪያና ከዋይፋይ ሳጥኑ አጠገብ አንስቶ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ይበቃል።

የዋርድ ሲስተር

አንቴና ያለው ሁሉ ተስተካክሎም ቁጥሩ የተሳሳተ ሊሆን ይችላል፤ መሣሪያው በታማኝነት የሚልከው የተሳሳተ ልኬት ስለሆነ። መሣሪያ ሲሰጥ የሚጠፋው ሃያ ደቂቃ ኋላ ብዙ ስልክ ያድናል።

ካፍ። የክንዱን ዙሪያ በትከሻና በክርን መካከል ባለው ቦታ በሜትር ለኩ። የሚነፋው ክፍል ርዝመት የዚያን ዙሪያ 80 በመቶ፣ ስፋቱ 40 በመቶ ያህል መሆን አለበት። ከ27 እስከ 34 ሴንቲሜትር መደበኛው የአዋቂ ካፍ ነው፤ ከ35 በላይ ትልቁ፣ ከ27 በታች ትንሹ። ከሳጥኑ የሚወጣውን አንድ ካፍ ለሁሉም መስጠት የተለመደ ስህተት ነው። ለወፍራም ክንድ የጠበበ ካፍ ግፊቱን ከፍ አድርጎ ያሳያል።

አቀማመጥ። አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ፣ ጀርባ የተደገፈ፣ እግር መሬት የነካ እንጂ ያልተነባበረ፣ ክንድ ጠረጴዛ ላይ በልብ ከፍታ። ክንዱ ከልብ 10 ሴንቲሜትር ዝቅ ካለ ብቻውን ወደ 8 ሚሊሜትር ይጨምራል፤ ጭን ላይ ያረፈ ክንድ ከዚያም ሊወርድ ይችላል። ካፉ በሚነፋበት ጊዜ ማውራት የለም። ቡናና ሲጋራ ከሆነ 30 ደቂቃ ይለፈው፣ ሽንትም ይሸና። ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ጊዜ፣ በመካከላቸው አንድ ደቂቃ። ሲጀመር በሁለቱም ክንድ ለክታችሁ ከፍ ያለውን ያዙ፣ መዝግቡትም። የመጀመሪያውን ቀን ቁጥር ለውሳኔ አትጠቀሙበት። የቤት ልኬት ወሰኑ ደግሞ 135/85 ነው፤ 140/90 የክሊኒክ ወሰን ነው፣ እናንተ ቀላቅላችሁታል።

የልብ ምቱ የተዛባበት ታካሚ ላይ አውቶማቲክ ካፍ ይንገዳገዳል፤ ሦስት ጊዜ ለክቶ አማካዩን መውሰድ ይሻላል። አንድ ልኬት ብቻውን ምንም አይነግራችሁም።

ኦክሲሜትር። ጣት ውስጥ ሁለት ብርሃን ያልፋል፣ ቀይ (660 ናኖሜትር) እና ኢንፍራሬድ (940 ናኖሜትር)፤ መሣሪያው የሚያሰላው የሁለቱን መጠን ንጽጽር ከምቱ ጋር ነው። ስለዚህ ደም ያልደረሰበት ቀዝቃዛ ጣት፣ ጥቁር የጥፍር ቀለም፣ የሚንቀጠቀጥ እጅ ሁሉ ቁጥሩን ያበላሻሉ። እጅን ማሸት፣ ማሞቅ፣ መሣሪያው ገና ሲገባ የሚያሳየውን ቁጥር ሳይሆን 30 ሰከንድ ቆይቶ የረጋውን መያዝ። መተግበሪያችሁ የመጀመሪያውን ቁጥር የሚነጥቅ ከሆነ ለኦክስጅን ማንቂያው አንዱ ምክንያት እሱ ነው። አንድ ደቂቃ ሰብስቦ የመጨረሻዎቹን 20 ሰከንድ መካከለኛ ቁጥር ቢወስድ ይሻላል።

ደግሞ 92 ሁልጊዜ 92 አይደለም። ስህተቱ 3 ነጥብ ተብሎ የተጻፈበት መሣሪያ ከልኬቶቹ ሁለት ሦስተኛው ያህል በ3 ነጥብ ክልል ውስጥ ናቸው ማለቱ ነው እንጂ ሁሉም ናቸው ማለቱ አይደለም። ቆዳቸው ጥቁር በሆነ ሰዎች ላይ ደግሞ ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ የማሳየት ዝንባሌ አለው። በ2020 አሜሪካ ውስጥ በታተመ ጥናት ኦክሲሜትር ከ92 እስከ 96 ካሳየባቸው ልኬቶች ውስጥ በደም ምርመራ ከ88 በታች ሆነው የተገኙት በጥቁሮች 11.7 በመቶ፣ በነጮች 3.6 በመቶ ነበሩ። ስለዚህ ታካሚው «ትንፋሽ አጠረኝ» ብሎ ኦክሲሜትሩ 94 ካለ ታካሚውን እመኑ። ከሰል ጭስ ውስጥ የቆየ ሰውም እንዲሁ፤ መሣሪያው የተለመደው ዓይነት ከሆነ በካርቦን ሞኖክሳይድ የተያዘውን ደም ኦክስጅን የያዘ ያስመስለዋል።

ሚዛን። ጠዋት፣ ከሽንት በኋላ፣ ከቁርስ በፊት፣ በተመሳሳይ ልብስ፣ ጠንካራ ወለል ላይ። ምንጣፍ ላይ የተቀመጠ ሚዛን ይዋሻል። ሌላው፣ ብዙ የብሉቱዝ ሚዛን ሰውን የሚለየው በክብደት ቅርበት ነው። ባል 73፣ ሚስት 71 ኪሎ ከሆኑ አንድ ቀን የሚስትየዋ በባልየው ስም ይገባል፤ «2 ኪሎ ቀነሰ»፣ በማግስቱ «2 ኪሎ ጨመረ»። የግፊት መለኪያው ላይም ሁለት ተጠቃሚ መምረጫ ቁልፍ ካለ ያው ነው። ቁልፉን በፕላስተር ሸፍኑት።

ቀንዲል

አንቴና፣ የመጀመሪያው ባይት ኢተጋማሽ ነው፤ ኪሎፓስካል ነበር። እግዜር ይስጥልኝ። ግን አሁን ያለፈውን ሁሉ ምን እናድርገው? ጥሬ ባይቱን አላስቀመጥንም። ሲስተር፣ ካፉ እንዳልሽው ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው፣ መደበኛው።

ሌላ የገረመን ነገር፦ አንዲት ታካሚ መሣሪያው በተሰጣት ቀን 34 የግፊት ልኬት አላት።

ቋት

እነዚያ 34ቱ የእርስዋ አይደሉም። መሣሪያው ከሌላ ታካሚ ተመልሶ የተሰጣት ነው። ግፊት መለኪያ በውስጡ ብዙ ልኬት ይይዛል፤ አዲስ ስልክ ሲያገኝ ያጠራቀመውን ሁሉ ይዘረግፋል። መሣሪያ ሲመለስ ማስታወሻው ይጥፋ፣ ከአሮጌው ስልክ ጋር የነበረው ጥምረት ከሁለቱም ወገን ይሰረዝ፣ ሰዓቱ ይስተካከል፣ ከዚያ ነው ለሌላ ሰው የሚሰጠው። ሰርቨሩም መሣሪያው ለታካሚው ከተሰጠበት ሰዓት በፊት የተለካ ማንኛውንም ልኬት ወደ ፋይሉ አያስገባ፤ ለብቻ ያቆየው። አሁን ያሉትን 34 ዛሬውኑ አውጧቸው፣ ግን አትሰርዟቸው፤ የማን እንደሆኑ በመሣሪያው ቁጥር ይታወቃል።

ስለ ድሮው መረጃ፦ ሁሉም ልኬት ከየትኛው መሣሪያ እንደመጣ ከተመዘገበ የሁለተኛውን አምራች ብቻ ለዩና ቁጥሩን በ10 አካፍላችሁ በ7.5 አባዙ። በ120/80ው ላይ ይሠራል። ግን ርቢው በእያንዳንዱ መልእክት −1 እንደነበር ማረጋገጫ ስለሌላችሁ የታረመውን «ታርሟል» የሚል ምልክት አድርጉበት፣ የመጀመሪያውንም አቆዩ። በዚያ ቁጥር መድኃኒት የተቀየረለት ሰው ካለ ሐኪሙ ዛሬ ይወቅ። ከዛሬ ጀምሮ ጥሬው ባይት ከልኬቱ ጋር ይቀመጥ፤ ከ20 ባይት አይበልጥም፣ ወጪ የለውም።

ከስልኩ እስከ ሰርቨሩ ባለው መንገድ የሚጎድለው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው፦

ለእያንዳንዱ ልኬት ስልኩ ላይ የማይደገም መለያ ስጡት። ኔትወርክ ሲቆራረጥ ስልኩ ደግሞ ይልካል፣ ሰርቨሩ በመለያው አውቆ አንዱን ብቻ ይይዛል። ስልኩ ልኬቱን ከመላኪያ ወረፋው የሚያወጣው ሰርቨሩ «ጻፍኩት» ሲለው ብቻ ነው። ሙከራው በ10 ሰከንድ፣ በ20፣ በ40 እያለ ይራራቅ፣ ግን አይቁም።

ሁለት ሰዓት መዝግቡ፦ የተለካበትና የደረሰበት። ባትሪ ሲቀየር ብዙ ግፊት መለኪያ ሰዓቱን ያጣል፣ ከፋብሪካ በወጣበት ዓመት ይነሳል። ልኬቱ በወቅቱ የደረሰ ሆኖ የመሣሪያው ሰዓት ከስልኩ ጋር ከአምስት ደቂቃ በላይ ከተለያየ የስልኩን ያዙና ምልክት አድርጉ። የስልኩ ሰዓት ራሱ ከተሳሳተ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ፤ የሰርቨሩ የምስክር ወረቀት «ገና አልጀመረም» ወይም «አልፎበታል» ተብሎ ምስጢራዊ ግንኙነቱ አይከፈትም። ወረፋው ይሞላል፣ ምክንያቱ ለማንም አይታይም። ሰዓቱን ከኔትወርክ እንዲወስድ አድርጉና ማስተካከያውን ቆልፉት።

ስልኩ በየሰዓቱ አጭር የሕይወት ምልክት ይላክ፦ የባትሪ መጠን፣ ብሉቱዝ በርቷል ወይ፣ ፈቃዶቹ አሉ ወይ፣ ወረፋ ላይ ስንት ልኬት አለ። ይህ ከሌለ «ታካሚው አልለካም» እና «ስልኩ ሞቷል» ስክሪናችሁ ላይ አንድ ዓይነት ባዶ ቦታ ናቸው።

ወደ ሆስፒታሉ የሕክምና መዝገብ ማስገባት ሲመጣ የራሳችሁን ስያሜ አትፍጠሩ። በሎይንክ ኮድ (የሕክምና ልኬቶች ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር) የላይኛው ግፊት 8480-6፣ የታችኛው 8462-4፣ የልብ ምት 8867-4፣ በኦክሲሜትር የተለካ ኦክስጅን 59408-5፣ የሰውነት ክብደት 29463-7 ነው።

ደህንነቱን በአጭሩ፦ ማጣመሩን ታካሚው ሳይሆን እናንተ ክሊኒክ ውስጥ አድርጉት። ስክሪንና ቁልፍ የሌለው ሴንሰር የሚጣመረው ያለ ምንም የይለፍ ቁጥር ስለሆነ ማንነትን አያረጋግጥም። ስልኩ ላይ ስም አይቀመጥ፣ መለያ ቁጥር ብቻ። ስልኩ ይቆለፍ፣ ዳታው ይመስጠር፣ ከጠፋም ከርቀት የሚጠፋበት መንገድ ይኑር።

ዶ/ር ትንፋሽ

ማንቂያው ላይ ሒሳብ እንሥራ። 40 ታካሚ፣ ግፊት በቀን 4 ልኬት፣ ኦክስጅን 2፣ ክብደት 1፤ በቀን 280 ልኬት ነው። ከነዚህ 5 በመቶው ብቻ ወሰን ቢያልፍ 14 ማንቂያ። አንዱን ለማጣራት 10 ደቂቃ ከፈጀ 140 ደቂቃ። የእናንተ ወሰኖች ደግሞ ከ5 በመቶ በጣም የሚበልጥ ያስጮኻሉ። ነርሶቹ ጆሮ ዳባ ልበስ ቢሉ አይፈረድባቸውም።

ለሁሉም አንድ ወሰን ማድረጉን ተዉት። የሳንባ ሕመም ካለባቸው ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የማጠራቀም ስጋት ላለባቸው የኦክስጅን ዒላማው ከ88 እስከ 92 ነው። በ92 ላይ ማንቂያ ማድረግ ጤነኛ ውሎውን ማስጮህ ነው። ከሆስፒታል ሲወጣ የነበረውን የረጋ ቁጥር መነሻ አድርጉ፣ ወሰኑን ሐኪሙ ለየታካሚው ይጻፍ።

ክብደት ላይ የቀን 1 ኪሎ ወሰን ምግብና ሆድ ድርቀትን ከውሃ መጠራቀም አይለይም። በልብ ድካም የሚያሳስበው በ3 ቀን ከ2 ኪሎ በላይ ሲጨምር ነው። እግሩ ካበጠ ወይም ማታ ትንፋሽ አጥሮት ትራስ ከጨመረ ግን ኪሎውን አትጠብቁ።

ሁለት ደረጃ አድርጉት። ወሰን ያለፈ ልኬት መጀመሪያ ለታካሚው ይመለስ፦ «አምስት ደቂቃ አርፈው እንደገና ይለኩ»። አብሮ ሦስት ጥያቄ፦ ትንፋሽ ያጥራል? ደረት ያምማል? ያዞራል? ሁለተኛውም ካለፈ ወይም አንዱ መልስ «አዎ» ከሆነ ብቻ ወደ ነርስ ይሂድ። በሕይወት ላይ የሚመጣ ቁጥር ከሆነ ግን መድገሙን ሳይጠብቅ ወዲያው ይሂድ። ደግሞ 24 ሰዓት ምንም ያልላከ ታካሚ ራሱ ማንቂያ ነው፤ እንዲያውም የታመመ ሰው መጀመሪያ የሚተወው መለካቱን ነው።

ከዚያ ከሁሉ የከበደው ጥያቄ፦ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማን ያነሳል? በ2010 የወጣው ቴሌ-ኤችኤፍ የተባለው የአሜሪካ ጥናት 1,653 የልብ ድካም ታካሚዎች ላይ ተሠርቶ በስልክ የሚደረገው ክትትል ሞትንም ተመልሶ መተኛትንም አልቀነሰም። 14 በመቶዎቹ ሥርዓቱን ጭራሽ አልተጠቀሙበትም ነበር፤ መጨረሻ ላይ በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚጠቀሙት 55 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2018 የወጣው የጀርመኑ ቲም-ኤችኤፍ2 ግን ጠቅሟል፤ ሚዛን፣ ግፊት መለኪያና ኦክሲሜትር እዚያም ነበሩ፣ ግን ከኋላቸው 24 ሰዓት የተቀመጡ ሐኪሞችና ነርሶች ነበሩ። የታካሚ ምርጫው፣ አገሩና ዘመኑም ስለሚለያይ ልዩነቱን ሁሉ ለዚህ መስጠት አይቻልም፤ እኔ ግን በጀት ቢሰጠኝ ከተጨማሪ ሴንሰር በፊት ተረኛ ነርስ እቀጥራለሁ። ሌሊት የሚያነሳ ከሌላችሁ መተግበሪያው የፊት ገጽ ላይ በትልቁ ጻፉት፦ ይህን የሚያዩት ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ከዚያ ውጭ ደግሞ የት እንደሚደወል። ታካሚው የሚታይ መስሎት ለክቶ እንዳይተኛ።

ቀንዲል

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሥራውን ጀምረናል፤ ማጣሪያ ያለው ቅኝትና ፎርግራውንድ ሰርቪሱ ገብቷል። አንድ የቀረች ነገር፦ ሁለት ግፊት መለኪያዎች ባትሪያቸው ሙሉ ነው እያሉ ልክ ለክተው ሲጨርሱ፣ ሊልኩ ሲሉ ይጠፋሉ።

አንቴና

የባትሪውን ዓይነት እይ። በፓምፑ ጊዜ ካፍ ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል፤ ያረጀ ባትሪ ሲያርፍ ቮልቴጁ ደህና ይመስላል፣ ሸክም ሲመጣበት ይዘቅጣል። መሣሪያው «ሙሉ» የሚለው አርፎ እያለ ለክቶ ነው። ከዚያ ሬዲዮው ሲነሳ የቀረችውን ይጨርሳታል፣ ሥርዓቱም ራሱን ያጠፋል። አራቱንም ባንዴ ቀይሩ፣ አዲስና አሮጌ አትቀላቅሉ። ተሞይ ባትሪ ከተገባበት አንዱ 1.2 ቮልት እንጂ 1.5 አይደለም፤ ለአራት 4.8 ነው፣ መሣሪያው ለ6 ቮልት ተሠርቶ ከሆነ ከመጀመሪያውም ጠርዝ ላይ ነው። ባትሪ ቀይራችሁም ካልተስተካከለ የባትሪ መያዣውን የብረት ምላስ እዩት፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ከታየ አሮጌ ባትሪ ፈስሶበታል። በጥጥ ኮምጣጤ ነካ አድርጋችሁ ጥረጉት፣ በአልኮል አጽዱት፣ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። ባትሪ በቀየራችሁ ቁጥር ቋት እንዳለው ሰዓቱን ሙሉ፤ በዚያው አጋጣሚ አንድ ልኬት ለክታችሁ ሰርቨሩ ላይ በዛሬ ቀን መድረሱን ሳታዩ ከታካሚው ቤት አትውጡ።